ቴዎድሮስን ማን ይጫወት?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፥ የትያትርና የሲኒማ ማኅበራችን ፊልም ከመታየቱ በፊት፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 ንግግራችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ አይደለም፤ ያንን መምህሮቻችን ከእኛ በተሻለ አኳኋን ተናግረውታል። እኛ የምንናገረው ሦስት ወር ሙሉ እርስ በርሳችን ስላጣላን አንድ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ማኅበራችን ለበዓሉ የሃያ ደቂቃ ፊልም በእጅ ስልክ ለማንሣት በወሰነ ጊዜ፥ ስለ ማን ይሁን ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። አንዳንዱ ስለ በላይ ዘለቀ ይሁን አለ፤ አንዳንዱ ስለ አበበ ቢቂላ ይሁን አለ፤ የሚበዛው ግን እጁን ያነሣው ለዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በፍቅር ነበርን። በማግሥቱ ተዋናይ ለመምረጥ ስንሰበሰብ ግን ከቂርቆስ በኩል የሚመጡትና ከካዛንቺስ በኩል የሚመጡት ልጆች ተለያዩ። የቂርቆሶቹ ከክፍላችን ሁሉ ቁመቱ የረዘመውንና ደረተ ሰፊውን ልጅ አቀረቡ። የካዛንቺሶቹ ደግሞ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ የሆነውን የራሳቸውን ልጅ አቀረቡ። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አሁን እዚህ ተቀምጠው ይሰሙናልና ከዚህ በላይ አንናገርም።

ፍርዱ እንዲቀልልን፥ የውጭ አገር ሰዎች የሲኒማ ጀግኖቻቸውን እንደ ምን እንደሚለዋውጡ እንመልከት ተባባልን። የዚህን ክፍል ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

ታርዛን የሚባለውን የጫካ ሰው የፈጠረው ኤድጋር ራይስ በሮውዝ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፥ ታሪኩ የታተመው በ1912 ነው። ደራሲው አፍሪካን ረግጧት አያውቅም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሲጽፍ በእስያ እንጂ በእኛ ክፍለ ዓለም የማይገኘውን ታይገር የተባለ አውሬ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ አስገብቶ ነበርና፥ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ እንዲጠፋ ተደረገ። ከ1918 ጀምሮ በፊልም ታርዛንን የሆኑት ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው በኦሊምፒክ የዋና ውድድር አምስት የወርቅ ሜዳሊያ የተሸለመው ጆኒ ዋይስሙለር ነው፤ ከ1932 እስከ 1948 ድረስ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ታርዛን ሆኗል። በ2016 በወጣው ፊልም ደግሞ ታርዛን የሚታገለው የቤልጅግ ንጉሥ ሌዎፖልድ በኮንጎ ሕዝብ ላይ ካደረሰው ግፍ ጋራ ነው። ሰውየው ያው ገመድ ይዞ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘለው ሰው ነው፤ ነገር ግን ጠላቱ ተለውጧል። ጄምስ ቦንድንም ከ1962 ጀምሮ በዋናዎቹ ፊልሞች ስድስት ሰዎች ተቀባብለውታል፤ በ2006 እንዲያውም ከዚያ በፊት ምንም እንዳልተሠራ ያህል ታሪኩ ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ወደ አገራችን የመጣው ጀግና ነው። ሻፍት የሚባለው የኒው ዮርክ ጥቁር መርማሪ በ1973 በወጣው ፊልም ወደ አፍሪካ ይመጣል፤ ፊልሙም ከፊሉ የተነሣው በኢትዮጵያ ነው። ከዋናው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋራ የእኛው ደበበ እሸቱ ተጫውቶበታል። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ከዚያ በፊት በ1959ና በ1962 ሁለት የታርዛን ፊልሞች የሠራ ሰው ነው። ታርዛንን ከዛፍ ላይ ያዘለለው እጅ ሻፍትን በአገራችን መንገድ ላይ አራመደው ማለት ነው። ታሪኩ የአፍሪካን ወጣቶች አታልለው ወደ አውሮፓ ስለሚወስዱ የሰው ነጋዴዎች ነው፤ ይህን ያየን ጊዜ ከመካከላችን ወንድሙ በሊቢያ በኩል የሄደበት አንድ ጓደኛችን ከክፍሉ ወጥቶ ሄደና ያን ቀን አልተመለሰም። በኋላ ሻፍት በ2000 በሌላ ተዋናይ ታደሰ፤ አዲሱም ሰው የፊተኛው የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ነው ተባለ። በ2019 ደግሞ የለም፥ ለካስ የገዛ ልጁ ነው አሉ። ዝምድናው እንኳ ሲለዋወጥ የከሰሰ ሰው የለም!

እንግዲህ ወላጆቻችን በወጣትነታቸው በአምባሳደር፥ በኢትዮጵያ፥ በአምፒር፥ በራስ ሲኒማ፥ ከዚያም ወዲህ በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት ፊልም ሲያዩ አንድ ሕግ እንደ ነበራቸው ነግረውናል፤ እኛም ወርሰነዋል። ፊልሙ ገና ሲጀምር ይጠየቃል፤ «አክተሩ ማን ነው?» አክተሩ ከታወቀ በኋላ ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድ የሚሠጋ የለም። ምክንያቱም አክተር አይሞትም። በ2021 ጄምስ ቦንድ በፊልም መጨረሻ ላይ በሞተ ጊዜ፥ የአንዱ ጓደኛችን አባት፥ «ይሄ ፊልም አላለቀም፥ ቀሪውን ፈልግ» ብለው ልጃቸውን አላስቀምጥ አሉት። የውጭዎቹ ጀግኖች ሰው የሚለዋወጥባቸው ስለማይሞቱ ነው ብለን ወደ መወሰን ደርሰን ነበር።

ነገር ግን ይህ ሕግ ለእኛ ጀግና አይሠራም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሁልጊዜ ይሞታሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ፥ እጅ ከመስጠት ይልቅ የእንግሊዝ ንግሥት በላከችላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ይህን ፍጻሜ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሕፃን እንኳ የለም። ሆኖም ከእሳቸው ይበልጥ ደራስያን የተመላለሱበት ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ትያትር ጻፉላቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትያትር ጻፈላቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ደረሱ። ተመልካቹ አክተሩ እንደሚሞት እያወቀ ይመጣል። እንግዲያው የሚመጣው ምን ሊያይ ነው?

መልኩን እንዳንል መልኩን አናውቀውም። በየቤቱ የተሰቀለው ባለ ሹሩባ ሥዕል ከሠዓሊ እጅ የወጣ ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሣለው ደግሞ ከሞቱ በኋላ ያለውን ፊታቸውን ነው። ከአስከሬናቸው ተቈርጦ ወደ ሎንዶን የተወሰደው ጠጕር በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ጠጕሩን ከፊቱ ይልቅ በርግጥ እናውቀዋለን ማለት ነው። በሕይወት ሳሉ ያዩአቸው አውሮፓውያን ደግሞ ቁመታቸው መካከለኛ እንደ ነበር ጽፈዋል። ይህ በተነበበ ጊዜ የካዛንቺሶቹ አጨበጨቡ፤ የቂርቆሶቹም ድምፃቸው እንደ ነጐድጓድ ስለ መሆኑ ማስረጃ አምጡ ብለው ዝም አሰኟቸው።

በዚህ መካከል ነው አንዲት መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠይቀው መንገድ ያሳዩን። «ቴዎድሮስን ከሁሉ አስቀድሞ የተጫወተው ማን ይመስላችኋል?» አሉን። አንዱ የቀድሞ ተዋንያንን ስም ጠራ፤ ሌላው ሌላ ጠራ። እሳቸውም፥ «ካሣ ነው» አሉ።

ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ነው። «ፍካሬ ኢየሱስ» የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ፤ በእርሱም ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ ትንቢት ይነበብ ነበር። በዘመነ መሳፍንት የተንገላታው ሕዝብ ይህን ስም በተስፋ ሲጠብቅ ኖሯል። የቋራው ካሣ ኃይሉ፥ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት ያ ሽፍታ፥ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፎ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ፥ የመረጠው የንግሥ ስም ይኸው ነበር። ሰውየው ከመወለዱ በፊት ክፍሉ ተጽፎ ይጠብቀው ነበር። ካሣም የሌላ ሰው ልብስ እንደሚለብስ ሰው ለበሰው፤ እስከ መቅደላም አላወለቀውም።

ይህን ከሰማን በኋላ የቂርቆስና የካዛንቺስ ጠብ ቀዘቀዘ። (ስለ ስም ከተነሣ አይቀር፥ ካዛንቺስ የሚለው ስም እንኳ ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣልያን መሥሪያ ቤት ኢንቺስ ይባል ነበርና «ካዛ ኢንቺስ» ያሉትን ሕዝቡ በአፉ አለዝቦ ካዛንቺስ አለው። በ2017 ዓ.ም. ብዙው የሠፈሩ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ስሙ ግን በቦታው ቀረ። ከተዋንያኖቻችን እኩሌቶቹ ለልምምድ የሚመጡት ሁለት አውቶቡስ እየለዋወጡ ነበር።) እንዲህም ብለን ወሰንን፤ ቴዎድሮስን አምስት ሰዎች ይጫወቱ፤ አንድ ኩታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ቴዎድሮስ ማን እንደ ሆነ ያስታውቅ። አንዱ የቋራውን ሽፍታ ይሁን፤ ሁለተኛው የደረስጌውን ንጉሥ፤ ሦስተኛው የጋፋቱን መድፍ አሠሪ፤ አራተኛው ጎንደርን ያቃጠለውን፤ አምስተኛው የመቅደላውን።

ጋፋትን መርጠን ብዙ ደቂቃ የሰጠነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ፈረስ የለንም፤ ሠራዊት የለንም፤ የቂርቆስ ጋራዥ ግን አለን። ሁለተኛው፥ እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ስለሆንን ታሪኩ ይቀርበናል። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ይኖሩ የነበሩት አውሮፓውያን ወንጌል ለማስተማር የመጡ፥ በእጅ ሥራ የሠለጠኑ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ግን እንቢታ አልተቀበሉም። ሞከሩ፥ አልሆነም፤ ደግመው ሞከሩ፥ ሆነ። በመጨረሻም ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ ሰዎች ነሐስ ሲያቀልጡ ምን ያስቡ ነበር? በዚህ ጥያቄ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረን ሳንጨርሰው ቀርተናል።

በፊልሙ ሴባስቶፖልን የሆነው የውሃ በርሜል ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብተነዋል። እውነተኛውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገደልና በሸለቆ መንገድ እየጠረጉ ሲጐትቱት ወራት ፈጅቷል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። በርሜላችንን በጋራዡ ግቢ ውስጥ ስንጐትት የጋራዡ ሠራተኞች ቱታቸውን እንደ ለበሱ ገመዱን ያዙልን፤ ልብሳቸው የዘመኑ አይደለም ብለን ልናስወጣቸው አሰብንና ተውነው። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሟል። በሚያዝያ 3 ቀን የእሮጌ ጦርነት ግን ያ ሁሉ ድካም የመጣውን ጦር ሊመልስ አልቻለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ደርሰናል። አምስቱ ክፍሎች በዝርዝር በሰሌዳው ላይ በተጻፉ ጊዜ፥ እያንዳንዳችን በወደድነው ሥር ስማችንን እንድንጽፍ ተባለ። በደረስጌው ዘውድ ሥር ዐሥራ አንድ ስም ተጻፈ። በሽፍታው ሥር ሰባት፥ በመቅደላው ዘጠኝ። በጎንደሩ እሳት ሥር ባዶ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዝብዘው አቃጥለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ሳይቀሩ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የእሮጌ ጦርነት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፥ ብዙ የአገራቸውን ሰዎች ከእስር አውጥተው አስገድለው ከመቅደላ ገደል አስጥለዋል። ይህን ክፍል የሚጫወት ሲጠፋ፥ «እንተወው» የሚል አሳብ መጣ። አንድ ወላጅም በአክብሮት፥ «ልጆች፥ ለታናናሾቻችሁ የሚያስፈልጋቸው ጀግና ነው፤ እንከኑን ለምን ታወጣላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የንጉሡን ጭካኔ ከሁሉ አብልጠው የጻፉት የመቅደላን ሀብት ዘርፈው የሄዱት ሰዎች መሆናቸውን አንዘነጋም፤ በብዙ የፈረንጅ መጽሐፍ እብድ ተብለዋል። ስለዚህ ቀደም ያሉት የአገራችን ደራስያን አንድነትን ያለመ፥ እጁን ያልሰጠ ንጉሥ አድርገው ስማቸውን ሲያነሡ፥ ለዘመናቸው የሚገባውን ሠርተዋል ብለን እናምናለን። ዛሬ ግን ስሙ ተነሥቷል፤ አደባባይ ተሰይሞለታል፤ በየክፍሉ ሁለትና ሦስት ቴዎድሮስ የሚባል ልጅ አለ። እውነቱን መሸከም ያቅተዋል ብለን አናስብም። በሃይማኖት ትምህርታችንም የዳዊትን ታሪክ ተምረናል፤ ያንን መጽሐፍ የጻፉት ሰዎች ጎልያድን የጣለበትን ቀን ጽፈው ኦርዮን ያስገደለበትን ቀን አልሸሸጉም።

ክርክሩን የጨረሰችው ግን ዳዊትን ጠቅሳ አይደለም አንዲት የክፍላችን ልጅ። አያቷ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ለብዙ ዘመን የኖሩት በካዛንቺስ ነበር፥ ዛሬ ራቅ ባለ ሠፈር ይኖራሉ። ልጅቱ ለበዓሉ ስትጠራቸው፥ «የጎንደርን እሳት ካላሳያችሁ እኔን ለምን ታደክሙኛላችሁ?» አሏት። የአያታቸው አያት ከእሳቱ የሸሹት ልጅ አዝለው፥ ሌላውን በእጃቸው እየጐተቱ እንደ ነበር በቤታቸው ሲነገር ኖሯል። እኛም አራት ሆነን ሄደን ጠየቅናቸው። ቡና አፍልተው፥ ሁሉን ከነገሩን በኋላ፥ ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ፥ «እማማ፥ ታዲያ የበኵር ልጅዎን ለምን ቴዎድሮስ አሉት?» አላቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ «አባቱ ነው ያወጣው፤ እኔም አልጠላሁትም» አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ቀዱልን።

በማግሥቱ ልጅቱ በሰሌዳው ላይ ከባዶው ቦታ ሥር ስሟን ጻፈች። ሴት ልጅ ቴዎድሮስን ትሆናለች ወይ ያሉ ነበሩ። በአገራችን ትያትር በጀመረበት ዘመን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሴት ሲሆኑ ማንም እንዳልተገረመ አስታወስናቸው፤ በዚሁ አለፈ። እሳቱንም እንደ ምን እናሳይ ብለን ተጨንቀን ነበር። ጎንደርን ልንሠራ አንችልም። ከደመራ የተረፈ ችቦ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለኵሰን ብርሃኑ በፊቷ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አደረግን። ችቦው እስኪያልቅ ድረስ ዐይኗን ሳትነቅል ቆመች። ስናነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድገሚው ያላት የለም።

ድምፀ ነጐድጓዱ ጓደኛችን ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። መቅደላ ሲወድቅ ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዞች ወሰዱት፤ እናቱም በመንገድ ሞተችበት። በ1879 በአውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር ሲሞት ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነበር፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። በመጨረሻው ክፍል ያለነው አብዛኞቻችን ዕድሜያችን ከእርሱ ጋራ እኩል ነው። ፊልማችን የሚያልቀው በእርሱ ነው፤ ኩታውን ታጥፎ በወንበር ላይ ያገኘዋል፤ አንድም ቃል አይናገርም። ይህን ክፍል የወሰደው ድምፁ ትልቅ የሆነው ያው ልጅ ነው፤ ራሱ ጠይቆ። ረጅሙ ጓደኛችን ደግሞ በጋፋቱ ክፍል ከገመዱ ፊት ሆኖ በርሜሉን ሲጐትት ታዩታላችሁ። ራሱ ከሥዕሉ ጫፍ ወጥቷል፤ ጥፋቱ የስልኩን ያዡ ነው።

 የልጅቱ አያት በፊተኛው መደዳ ተቀምጠዋልና ከበስተኋላ ያላችሁ ወንድሞቻችን እባካችሁ በጸጥታ እዩልን። አሁን በበሩ አጠገብ ያላችሁ መብራቱን አጥፉልን።